የዳንግላው ባሕር ለኪ

ስልኩ የተደወለልኝ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ እንጅባራ የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ፈተና ሳርም ነው። የደወለው ዳንግላ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ነበር። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ «ያ ዓሣ ገዳዩ ሽማግሌ አረፉ» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖ ነው። ዳንግላ ውስጥ ጋሽ እንድሪስን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ስለነበር ያ ስም ቀድሞ ከአፉ ወጣ እንጂ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ እስክርቢቶዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አጠገቤ የነበሩት መምህራን ቀና ብለው አዩኝ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በከተማው ተናድጃለሁ፣ ከከተማው ይልቅ ደግሞ በራሴ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ በቅድሚያ ሰውየውን እወቋቸው።

ጋሽ እንድሪስ ዳንግላ ገበያ ዳር ጨውና ቅመም ይሸጡ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው ሃያ ዓመት ጨው ማምረቻ ውስጥ ሠርተዋል። ሥራቸው መለካት ነበር። የባሕሩ ውሃ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተለቀቀ ፀሐይ ሲያከረው፣ ምን ያህል ጨው እንደያዘ እየለኩ «አሁን ልቀቁት»፣ «ገና ነው፣ ይቆይ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ አገር ለሁለት ሲሆን ከሰው ጋር ተነቅለው ወደ እናታቸው ከተማ ተመለሱ። ስለዚያ ብዙ አያወሩም። ሰው «አይዞዎት» ሲላቸው ይበሳጩ ነበር። «ምን ሆንኩና ነው አይዞዎት የምትለኝ?» ብለው ያፋጥጡታል።

የተዋወቅነው ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። ከጥሊሊ መጥቼ ዳንግላ የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ የተቀጠርኩበት ዓመት ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ። ለቤተ ሙከራው ጨው ልገዛ ሱቃቸው ገብቼ አንድ ኪሎ ስል «ለወጥ ነው ለሥራ?» አሉኝ። ለሥራ ስላቸው ከፊታቸው ያለውን ትተው ከጓዳ ሌላ ጆንያ አወጡና ጨዉ እርጥበት ስላለው መጀመሪያ ካላደረቅኩት ሚዛኑ እንደሚዋሸኝ አስረዱኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም ይሆናል።

አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ልኩን አሳየኝ» ይላሉ። ሰው ክረምቱ ከበደ ቢላቸው ልኩን አሳየኝ፣ ኑሮ ተወደደ ቢላቸው ልኩን አሳየኝ። ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ብርጭቋቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ዐይናቸው ከሻዩ ጋር እኩል እስኪሆን ጎንበስ ብለው ያዩታል። አስተናጋጇ «ጎደለ እንዴ ጋሼ?» ስትላቸው «አልጎደለም፤ ልማድ ነው» ይሏታል።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡና ለርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር አሉት። እዚህ የባሕር ዓሣ ላኑር፣ ልጆቹ ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ እያነበቡ አይቅሩ፤ የምጠይቃችሁ አንድ ክፍልና መብራት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሳቀ። ዳንግላ ላይ የባሕር ዓሣ። እሳቸው ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና ጥያቄውን ቃል በቃል ደገሙለት። በመጨረሻ ከቤተ ሙከራው ጎን ያለችውን አሮጌ ዕቃ ቤት ሰጣቸው።

የእህታቸው ልጅ ከጅቡቲ ማዳበሪያ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከባሕሩ ዳር ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ፣ አምስት ትንንሽ ዓሦችን ደግሞ አየር በተነፋ ፌስታል አድርጎ አመጣላቸው። ጀሪካኖቹን ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በጋሪ ስናመላልስ ባለ ጋሪው ምን እንደሆነ ጠየቀ። «ባሕር» አሉት ጋሽ እንድሪስ፣ እንደ ዋዛ። ሰውየው ፈረሱን አቁሞ ክዳኑን ከፈተና በጣቱ ቀምሶ ተፋ። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘጋና ፈረሱን ነዳ።

ገንዳው በመስታወት ቆራጭ የተሠራ፣ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ነበር። ዳንግላ ለባሕር ዓሣ ብርድ ናትና ውሃው በኤሌክትሪክ ዘንግ ይሞቃል። መብራት ሲጠፋ በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን፤ አየር የሚነፋውን ዕቃ ደግሞ ከመኪና ባትሪ ላይ እናገናኘዋለን። ዋናው ጭንቅ ግን ጨዉ ነው። ውሃ ይተንናል፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ የቀረው ውሃ በየቀኑ ጨው እየበዛበት ይሄዳል፤ የተነነውን በንጹሕ ውሃ መተካት ያስፈልጋል። ምን ያህል? ለዚህ ነው መለኪያ የሚያስፈልገው። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ ሠላሳ አምስት ግራም ግድም ጨው መኖር አለበት። ከዚያ ብዙ ሲወጣም ሲወርድም፣ በተለይ በድንገት ከሆነ፣ ዓሣው አይችለውም። ሰዎች «ለምን አይቀምሱትም?» ይሏቸው ነበር። ምላስ ቶሎ ትለምዳለች፣ ስትለምድ ደግሞ ትዋሻለች ብለው ይመልሳሉ።

በመለኪያው ምርጫ ላይ ተጣላን። እሳቸው ከአሰብ ይዘውት የመጡት የብርጭቆ ተንሳፋፊ ነበራቸው። ከሥሩ የእርሳስ ጥይቶች ያሉት ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጨው በበዛበት ውሃ ላይ ከፍ ብሎ፣ ባነሰበት ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ውሃው አንገቱ ላይ የደረሰበትን መስመር ማንበብ ነው። እኔ ይህን ንቄ ከባሕር ዳር ከተማ እስክርቢቶ የሚመስል የኤሌክትሪክ መለኪያ አስመጣሁ። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ኖሮ የባሕሩን ውሃ ሲነካ ከፍተኛው ቁጥሩ ላይ ደርሶ ቆመ። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ጨምረን ለካን፤ ያው ቁጥር። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁብኝም። «ይኼ የፈራ መለኪያ ነው፤ ለሁሉም አንድ መልስ ይሰጣል» አሉና መለሱልኝ።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሌላ ላከልኝ። ይኼኛው በብርሃን የሚሠራ፣ አንድ ስንዝር የምታህል ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ባለችው ብርጭቆ ላይ ሁለት ጠብታ ውሃ አንጠባጥቦ ክዳኑን መክደን፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሮ በሌላው ጫፍ ማየት ነው። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ይታያል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር የጨውን ልክ ይናገራል። እንዴት እንደወደድኩት! ጋሽ እንድሪስም ወደዱት፤ ግን ተንሳፋፊውን አንጥልም አሉ። ሁለቱ እኩል ሲናገሩ እናምናለን፣ ሲለያዩ ቆመን እንጠይቃለን። እኔ በልቤ የእርጅና ግትርነት ነው አልኩ።

የአዲሱ መለኪያ ዜሮ የሚስተካከለው ምንም ጨው በሌለው ውሃ ነው። መጀመሪያ ጋራዥ ሄደን ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ገዛን። ያንን አንጠባጥበን፣ መስመሩ ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ትንሿን ብሎን በመፍቻ አዞርን። እሳቸው በዚህ አላበቁም። ዜሮው ልክ ሆኖ ላይኛው ሊሳሳት ይችላል ብለው ብር ሠሪው ዘንድ ወሰዱኝ፤ በወርቅ ሚዛኑ የደረቀ ጨው አስመዘኑና በልኩ በተመዘነ ንጹሕ ውሃ አሟሙተን በዚያም ፈተሽነው። ብር ሠሪው ባል የሌለኝ መሆኑን ሰምቶ ቀለበት ልናሠራ የመጣን መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንባቸው ይህ ሆነ፦ በየዓርቡ ዜሮው ይፈተሻል።

ሦስተኛው ዓርብ ላይ ጋሽ እንድሪስ ጁምዓ ሄደዋል። የባትሪው ውሃ አልቆ ነበር። ጋራዡ ደረስኩ፤ ዝግ ነው፣ ባለቤቱም መስጊድ ነው። ተመልሼ መጠበቅ ስችል አልጠበቅኩም። አብራኝ ቤት የተከራየችው ነርስ ለእናቷ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ሳይሰጣቸው የተረፈ፣ ሰው በደፈናው ጉሉኮስ የሚለው የደም ሥር ውሃ ከረጢት ነበራት። እኛ ዘንድ በመርፌ ወደ ሰው ደም ከሚገባ ውሃ የሚበልጥ ንጹሕ ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያምነው ነው። እኔም አመንኩ። ሁለት ጠብታ አንጠባጠብኩ፣ መስመሩ ከዜሮው በላይ ታየኝ፤ መለኪያው ስቶ ነው ብዬ ብሎኑን አዞርኩና ዜሮ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ የገንዳውን ውሃ ስለካው ሃያ ስድስት አለኝ። ደነገጥኩ። በሳምንቱ ንጹሕ ውሃ አብዝተን ጨውን አቅጥነነዋል አልኩ። ተንሳፋፊውን ነከርኩት፤ እሱ ልክ ነው፣ ሠላሳ አምስት ነው ይላል። አላመንኩትም። አስልቼ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨው መዘንኩ፣ አሟሟሁና ገለበጥኩት። ጨዉ ከራሳቸው ሱቅ የተገዛው ነው። መለኪያዬ ሠላሳ አምስት ሲለኝ ደስ ብሎኝ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ሞተው ተገኙ። እሑድ ሁለቱ ተከተሉ።

ከተማው ቀድሞ ያውቅ የነበረ ይመስል ነበር። «ባሕር እዚህ አይኖርም፣ ብለን ነበር» የማይል አልነበረም። ሰኞ ጋሽ እንድሪስን ዕቃ ቤቷ ውስጥ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ተንሳፋፊውን ገንዳው ውስጥ ነክረውት ከተለመደው እጅግ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከጋራዡ አዲስ የባትሪ ውሃ ገዝተዋል። ከዚያ ውሃ ሁለት ጠብታ በኔ መለኪያ ላይ አንጠባጥበው «እስቲ እዪ» አሉኝ። አየሁ። ዐይኔ የሞላው ሰማያዊ ብቻ ነው፤ መስመሩ ከዜሮው ሥር ወርዶ ጠፍቷል።

ዜሮውን በምን እንዳስተካከልኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከረጢቱን አምጪው አሉኝ፤ አመጣሁት። ጽሑፉ ከላዩ ላይ ነበር፤ በመቶው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ጨው፣ ማለት በሊትር ዘጠኝ ግራም። እኔ ዘጠኙን ዜሮ ብዬው ነበር። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ከረጢቱን ዓርብ ዕለት በእጄ ይዤዋለሁ፤ አንብቤው ይሁን ሳላነብ አልፌው አሁንም ለራሴ አልገባኝም። ጋሽ እንድሪስ ከረጢቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ረቡዕ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ተጠራ፤ የዕቃ ቤቷ ነገር አንዱ አጀንዳ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ እንደሚፈለግ፣ ሙከራው እንዳልተሳካ ተናገረ። አንድ የወላጅ ተወካይ ፈጣሪ ባሕሩን ያኖረው ሊያኖር በፈለገበት ነው አሉ። ጋሽ እንድሪስ ተነሡ።

«አገሩ አልገደላቸውም» አሉ። «ብርዱም አልገደላቸውም። ጨው በዝቶባቸው ነው የሞቱት። የመለኪያው ዜሮ ተሳስቶ ነበር። የተሳሳተ ዜሮ ደግሞ ይቃናል።»

«ጨውን ማን አበዛው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዘወር አሉ። አልተቆጡም፣ አልጠቀሱኝም፤ ጠበቁኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ርዕሰ መምህሩ ፊት ለፊቴ ነው። ጫማዬን አየሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ የክሩን ቀለም እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

«ገንዳው የእኔ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ በመጨረሻ። «ተጠያቂውም እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ዓሣ ገዳይ የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ፣ እዚያው ነው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። መለኪያውን ከኪሳቸው አወጡና የባትሪውን ውሃ አንጠባጥበው ለሰብሳቢው፣ ከዚያ ለወላጆቹ፣ በየተራ ወደ መስኮቱ እያዞሩ አሳዩአቸው። የደረሰው ሁሉ አንድ ዐይኑን እየጨፈነ አየ። ርዕሰ መምህሩ እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ነን፣ ይቅርብን ሲል የጋሽ እንድሪስ ድምፅ ዝቅ አለ። «ባሕሩ ቀረብን። ማወቁም ይቅርብን? ክፍሉን ከፈለጋችሁ ገንዳውንም እኔንም ተሸክማችሁ አውጡን። በእግሬ አልወጣም።»

እስከ ሰኔ ድረስ ፈቀዱላቸው። ስንወጣ ላመሰግናቸው ተጠጋሁ። እጃቸውን አነሡና ከለከሉኝ።

«ያዳንኩሽ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «በአንቺ አፍ መናገር ስላልቻልኩ ነው። አንድ ቀን አንቺው ትናገሪዋለሽ። እኔ አልናገርልሽም።»

አንድ ወር ሙሉ ከመለኪያው ቁጥር ሌላ ቃል አላወሩኝም። ቅዱስ ሰው እንዳላስመስላቸው ነው ይህን የምጽፈው፤ ቂም ያውቁ ነበር።

ሁለተኛዎቹ ሰባት ዓሦች የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ዓርብ ዓርብ የባትሪ ውሃ፣ የተመዘነው ጨው፣ ተንሳፋፊው፤ ሦስቱ ካልተስማሙ ገንዳው አይነካም። ሁለቱ ዓሦች በመንገድ ደክመው ነበርና አልቆዩም። አምስቱ ኖሩ። ሰኔ አለፈ፣ ክፍሉን የጠየቀ አልነበረም። በገበያ ቀን ከአዘና የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ በመስኮቱ ተሰልፈው ያያሉ፤ በአገውኛ እየተጠያየቁ ይስቃሉ። ርዕሰ መምህሩ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ የሚወስደው ወደዚያች ዕቃ ቤት ሆነ። እኔ ወደ እንጅባራ ስቀየር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሦስቱ ገና በሕይወት ነበሩ።

ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ዓሦቹ እየኖሩ ሰውየው ዓሣ ገዳይ ነበሩ። ሱቃቸው በር ላይ፣ መናኸሪያ ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ በፍቅር ይሁን በነገር፣ ይጠሯቸዋል። እሳቸው ያልፋሉ። አንዳንዴ አብሬአቸው እሆናለሁ። የሙከራ ጊዜዬ አልቆ ቋሚ ሆንኩ፤ የሚያባርረኝ አልነበረም። ሰዎች ሲሉ አብሬ ፈገግ የምልበት ጊዜ ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ለለቅሶው ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ሄድኩ። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ሴቶቹ ቤት። ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሰው እየተቀበሉ ነበር። አጠገባቸው ያለች ሴት ልታጽናናቸው ብላ የሟቹን ነገር አነሣችና በዚያው ስም ጠራቻቸው። ሴቶቹ በለቅሶ መሃል ሳቅ አሉ። እትዬ ከድጃም ፈገግ አሉ፤ የለመዱት ነገር ነው።

«እነዚያን ዓሦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት። ከዚያ ዓርቡን፣ ከረጢቱን፣ ስብሰባውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።  ስጨርስ እትዬ ከድጃ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለእኔ እንኳ አልነገረኝም» አሉ። «እኔም እኮ አንዳንዴ እንደዚያ ብዬ እጠራው ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በሕይወት ሳለ ምን ያዘሽ?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

አሁንም እፈራለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅርታ ነው ወይስ ሌላ፣ ለየሁት ማለት አልችልም። ከዚያ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ።

«በይ ውጪና ለወንዶቹም ንገሪ» አሉኝ። «ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው።»

ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀምጧል፣ እኚያ የወላጅ ተወካይም አሉ፣ ባለ ጋሪውም አለ። ሴት ልጅ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ገብታ መሃል ላይ ስትቆም ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። ጫማዬን አላየሁም። ርዕሰ መምህሩን ዐይን ዐይኑን እያየሁ ጀመርኩ።